እናትየዋ እንዳትሞት በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት መምህርት ተማሪዎቿ ፊት አስቀመጠችኝና፣ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳልደላደል፣ «እማማ፣ እስቲ የፈጠራ ሂደትዎን ያካፍሉን» አለችኝ።

ተናደድኩ። ልጅቱ አላጠፋችም፤ ደራሲ የተባለ ሁሉ የሚጠየቀውን ነው የጠየቀችኝ። መልሱም የታወቀ ነው። ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ፣ የወፎችን ዝማሬ እየሰማሁ፣ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ይፈስልኝ ነበር ይባላል። ሸሕዲ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚሰማው የጭነት መኪና ጥሩምባና ለቀን ሥራ የሚሻማ ሰው ጫጫታ ነው። እኔ በዕድሜዬ የጻፍኩት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ እሷንም ቢሆን በንዴት ነው የጨረስኳት። ይህ ለልጆች የሚነገር ስላልሆነ «ብዙ አንብቡ፣ ጥርሳችሁንም ፋቁ» ብያቸው ወጣሁ።

ለእናንተ ግን ሂደቱን ልንገራችሁ።

በደርግ ዘመን ሸሕዲ ውስጥ፣ የየቀበሌው መዝገብ በሚላክበት፣ ለየቀበሌውም የሚመጣ ደብዳቤ በሚያልፍበት አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ የሚገባውን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቶ መቀበል፣ የሚወጣውን ቁጥር ሰጥቶ መሸኘት፣ ከእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ቅጂ ማስቀረት ነው። «አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወረቀት እንደሌለ ይቆጠራል» እያልኩ ስንቱን አዲስ ሠራተኛ አስለቅሻለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ። በኋላ ራሴን ስሰድብ ምክንያቴን እንድታውቁት ነው።

በምሳ ሰዓት ሌላው ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ሥር ሲጋደም፣ እኔ በተማሪ ደብተር አንዲት አጭር ልብ ወለድ እጽፍ ነበር። ታሪኩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ሽንፋ ወንዝ አጠገብ የምትኖር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ እናቷ በወባ ስትወድቅባት፣ መተማን አልፋ ጋላባት ድረስ ኪኒን ፍለጋ ብቻዋን ትሄዳለች። አንዲት አህያ ታስከትላለች፤ አህያዋን መንገድ ላይ ጅብ ይበላባታል። የጣሊያንን ኬላ ታልፋለች። ሱዳን ምድር ገብታ ለአንድ ነጋዴ ቤት ውሃ እየቀዳች ኪኒኑን ታገኛለች። ስትሄድ ሕፃን ነበረች፤ ስትመለስ ሕፃን አይደለችም። ስትደርስም እናትየዋ ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነው።

ልጅቱ እናቴ ናት። እናቴ ስለዚህ ነገር በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ እሱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ኪኒኑን ይዤ መጣሁ፤ የሚውጠው ሰው አልነበረም።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም አልጠየቅኳትም። በእኛ ቤት መጠያየቅ አልተለመደም። እሷ ካረፈች በኋላ ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር አላስቀምጥ አለችኝ። ከእሷ በፊት ያለውን መንገድ ሁሉ በአምስት ደብተር ጻፍኩላት፤ እሷን ራሷን የመጨረሻ መስመር አደረግኳት። ሌላው ቢሰረዝ ቢደለዝ ግድ አልነበረኝም። ያቺ መስመር እንዳትነካ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ስጨርስ ወደ አዲስ አበባ ልልከው አሰብኩ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ከሌለው ማን ያይልሻል?» አለኝ። አምስቱን ደብተር ታቅፌ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ቅጂ አስቀርተሽ ነበር ወይ አትበሉኝ። ለመንግሥት ሦስት ቅጂ የማስቀር ሴት፣ ለራሴ አንድም አላስቀረሁም።

ሊቀ መንበራችን ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር። ደብተሮቹን እንደ ጨርቅ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና፣

«ጓድ፣ የማላውቀውን እንዴት አድርጌ እደግፋለሁ?» አለኝ።

«ያንብቡታ።»

«ለብቻዬ ካነበብኩት ግለኝነት ነው። እሑድ ስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ሰፊው ሕዝብ ይስማው።»

ሰፊው ሕዝብ የሚሰበሰበው በአንድ የድሮ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። ወቅቱ የሰሊጥ አጨዳ ስለነበር፣ አዳራሹ ሞልቶ እንዲታይ ከየደጋው የመጡ የቀን ሠራተኞችም ከመንገድ እየተለቀሙ ይገባሉ። ሰዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ አጎንብሰው ሲያጭዱ ሰንብተው፣ በዕረፍት ቀናቸው ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠው የእኔን ድርሰት እንዲሰሙ ተፈረደባቸው። በእነሱ ቦታ ብሆን ደራሲዋን ነበር የማጭዳት።

እንግዲህ በየእሑዱ አንድ ደብተር፣ አምስት እሑድ።

ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝን ሰው ከወዲሁ ላስተዋውቃችሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ አዛናው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። በልጅነቱ ደብር ውስጥ ቁም ጽሕፈት ተምሮ ብራና ሲገለብጥ ያደገ፣ በኋላ ትምህርቱን ጥሎ ሱዳን ለሥራ ወርዶ፣ አንድ ነጭ ጀላቢያና አንድ የዐረብኛ ቃል ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ቃሏ «ተማም» ናት፤ መልካም፣ ተስማምቶኛል እንደማለት። አጠገቤ ተቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ ነገር ይጭራል። እኔ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አነበብኩ።

«ፀሐይ ሳትወጣ ልጅቱ አህያዋን ፈታች።»

«እትዬ፣ ይድገሙልኝ» አለ አዛናው።

ደገምኩለት።

«ተማም።»

ሁለተኛዋን አነበብኩ።

«እትዬ፣ ይድገሙልኝ።»

ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር እንዲህ ነው። ጆሮው የደነቆረ መስሎኝ ጮክ አልኩ፤ ይድገሙልኝ አለ። ቀስ አልኩ፤ ይድገሙልኝ አለ። ልጅቱ ከሽንፋ ተነሥታ አንድ ኮረብታ እስክታልፍ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስጨርስ ሊቀ መንበሩ ተነሣ።

«የልጅቱ መደብ ግልጽ አይደለም» አለ። «ደሃ ገበሬ ናት ወይስ መካከለኛ?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።»

«መደብ ዕድሜ አይጠይቅም። ደግሞ መግቢያው ይረዝማል። ከታች በኩል ቢያጥር፣ ወገቡም ላይ ጠበብ ቢል ያምርበታል።»

የድርሰቴ ወገብ የቱ ጋ እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ ተውኩት። ሜትሩን አውጥቶ ያሳየኝ ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ስለ አህያዋ አነበብኩ። አመድማ ናት፤ ግራ ጆሮዋ ተቀዷል። ከኋላ አያ ገብሬ የሚባሉ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ ያችን አህያ ከየት አገኘሻት?»

«ከየትም አላገኘኋት፣ አያ። አስቤ የጻፍኳት ናት።»

«አስበሽ አይደለም። ጆሮዋን የቀደዳት የእኛ በር ማጠፊያ ነው። በጣሊያን ጊዜ ከሽንፋ የጠፋችው የአባቴ አህያ ናት። ሃምሳ ሰው ሰምቷል፤ በራስሽ አፍ ከልጅቱ ቤት ነበረች ብለሻል።»

«አንቱ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው።»

«አህያዋ ግን የእኛ ናት።»

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ከፍርድ ሸንጎ መጥሪያ ደረሰኝ። «ከሳሽ፦ አያ ገብሬ። ጉዳዩ፦ አመድማ አህያ።» መጥሪያውን ያደረሱልኝ መሥሪያ ቤቴ ስለነበር፣ ገቢ ደብዳቤ ነውና የገዛ መጥሪያዬን በገዛ እጄ መዝግቤ ቁጥር ሰጠሁት።

ሐሙስ ቀረብኩ። ሦስት ዳኞች በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«አህያዋ አሁን የት ናት?» አለኝ መካከለኛው።

«ደብተሩ ውስጥ።»

«በሕይወት አለች?»

«የለችም። ሦስተኛው ደብተር ላይ ጅብ ይበላታል።»

ዳኞቹ ተያዩ። መካከለኛው ወደ ሽማግሌው ዞረና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ ገብሬ፣ ጅብ በልቷታል» አላቸው።

አያ ገብሬ ወደ እኔ ዞሩ። «የት ቦታ?» አሉኝ።

«ከሾላው ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ።»

«እዚያ ጅብ አለ፤ እውነቷን ነው» አሉ። ክሱንም አነሡ። ሲወጡ በሩ ላይ ጠብቀውኝ፣ «አባቴ ሰው ነበር የሰረቃት እያለ ስንቱን ጎረቤት እንደተጣላ ሞተ። ጅብ መሆኑን ቀደም ብለሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» ብለው ተቆጡኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የምን ይቅርታ እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም።

ሦስተኛው እሑድ ከሁለቱ የባሰ ነበር፤ የተናገረው ሰው ልክ ነበርና። ልጅቱ ኪኒኑን በቀሚሷ ጫፍ ቋጥራ ስትመለስ፣ የሽንፋ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃት። ገባችበት። ውሃው ደረቷ ደረሰ። እዚህ ላይ ድምፄን ለወጥ አድርጌ ነበር ያነበብኩት፤ ደስ ያለኝ ቦታ ነው። ከአጫጆቹ መካከል አንድ ቀጭን ጎጃሜ እጁን አወጣ።

«እትዬ፣ ኪኒኑ ተቀሚሷ ጫፍ ነው አይደል ያለው?»

«ነው።»

«ውሃው ደግሞ ደረቷ ድረስ ነው?»

«ደረቷ ድረስ ነው።»

«ታዲያ ኪኒኑ አልሟሟባትም?»

ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። አዛናው ብዕሩን አንሥቶ መልሴን ይጠብቃል። አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ወንዝ ስሻገር ስመለስ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ኪኒን በውሃ እንደሚሟሟ ግን አልታየኝም። «አስተያየትህን ተቀብያለሁ» ብዬው ተቀመጥኩ። በዚያ ሰውዬ ላይ ያደረብኝ ንዴት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አላስበላኝም። ሰው ልክ ሲሆን በትሕትና አይሆንም?

ቅዳሜ መልሱ መጣልኝ። ልጅቱ ኪኒኑን በቁራጭ ቆዳ ጠቅልላ ከጠጉሯ ጋር ሹሩባዋ ውስጥ ትጎነጉነዋለች። ራሷ ከውሃው በላይ ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ ግን ሌላ ነገር ተከተለኝ። ኪኒኑን ለማውጣት ሹሩባዋን መፍታት አለባት። በእኛ አገር ደግሞ ሴት በጠራራ ፀሐይ ደጅ ተቀምጣ ጠጉሯን የምትፈታው ምን ስትሰማ እንደሆነ ይታወቃል። አምስተኛውን ደብተር አውጥቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩት። ለመምህርቷ የፈጠራ ሂደት ብዬ መንገር የነበረብኝ ይህን ነው፤ አንድ ልክ የሆነ አጫጅ፣ አንድ ሳምንት ንዴት።

አራተኛው እሑድ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር የጓድ አሰለፈች ተራ ነበር። አሰለፈች ደልዳላ፣ ደግ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ስድስት ወልዳ ሁለቱን ወባ ወስዶባታል። ልጅቱ ወደ ቤቷ እየተቃረበች ሳለ ደብተሩ አለቀ። አሰለፈች እጇን ሳታወጣ ተነሣች።

«እህቴ፣ እናትየዋ ልትሞት ነው እንዴ?»

«የሚመጣው እሑድ ይነበባል።»

«ከአነባበብሽ አውቄዋለሁ፤ ልትገድያት ነው። ስንት አገር አቋርጣ፣ አህያዋን ጅብ በልቷት፣ ኪኒኑን አግኝታ መጥታ? አይሆንም። ማዳኑ እኮ በእጅሽ ነው። እስክሪብቶው ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ምን ይቸግርሻል?»

በእጄ ነው አለችኝ። መልሴ በስብሰባ የሚነገር አልነበረም።

ሊቀ መንበሩ ግን ሐሳቡን ወደደው። «ጥሩ ነጥብ ነው። ተስፋ ይሰጣል። ድምፅ እንስጥበት» አለ። «እናትየዋ እንዳትሞት የምትደግፉ?»

እጅ በእጅ ሆነ። አያ ገብሬ ከዘራቸውን አነሡ። ሴቶቹ ሁለት ሁለት እጃቸውን ያወጡ መሰለኝ። ሦስቱም ዳኞች፣ ሁሉም አጫጆች፣ ሁሉም አወጡ። ያ ቀጭኑ ጎጃሜ ብቻ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሏል።

«አንተስ?» አለው ሊቀ መንበሩ።

«እኔ ይቅርብኝ፣ ጌቶች። በእጅ ማውጣት ቢሆን የእኔም እናት ባልሞተች።»

«ድምፀ ተአቅቦ፣ አንድ» አለ ሊቀ መንበሩ።

«እትዬ፣ ይድገሙልኝ፤ የእናትየዋ ስም ማን ነበር?» አለ አዛናው።

«ስም የላትም።»

«ተማም።»

እንግዲህ የእናቴ እናት በሸሕዲ ቀበሌ አዳራሽ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ እንዳትሞት ተወሰነ። ውሳኔውን ለማስፈጸም አንድ ሳምንት ተሰጠኝ። ካላስፈጸምኩ የድጋፍ ደብዳቤው የለም። በዚያ ዘመን ደግሞ ሕዝብ በድምፅ የወሰነውን አልፈጽምም ማለት ከደብዳቤ ያለፈ ነገር ያመጣል። ባልደረቦቼ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። አንዷ፣ «አንድ መስመር ነው፤ ድና ተነሣች በያት» አለችኝ። ሞከርኩ። አንድ ምሳ ሰዓት ሙሉ ሞከርኩ። እናትየዋን አስነሣኋት፣ ውሃ አጠጣኋት፣ ኪኒኑን አስዋጥኳት፤ «ልጄ» አስባልኳት። ጥሩ አድርጋ ተናገረች። ቀድጄ ጣልኩት።

በአምስተኛው እሑድ እንደ ጻፍኩት አነበብኩ። ቀና ብዬ ሰው ላለማየት አፍንጫዬን ደብተሩ ላይ ደፍቼ፣ ቶሎ ቶሎ፣ በቁጣ ነበር ያነበብኩት። ልጅቱ ሰፈሯ አፋፍ ላይ ደረሰች። ኪኒኑን አውጥታ በእጇ ይዛ ልትገባ ብላ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሹሩባዋን መፍታት ጀመረች። ከውሃ የሚመለሱ ሴቶች ጠጉሯ ተበትኖ አዩአት። መንገድ ላይ መርዶውን ሰምታ የመጣች መሰላቸው። እንስራቸውን አውርደው አለቀሱላት። መሞቷን ያወቀችው በእነሱ ለቅሶ ነው።

ከዚያ የእናቴን ዓረፍተ ነገር አንብቤ ደብተሩን ዘጋሁ።

ማንም ምንም አላለም። አዛናው እንኳ በዚያን ቀን አንድ ጊዜም ይድገሙልኝ አላለኝም፤ ተስፋ የቆረጠ መሰለኝ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ሙቀት ያስተኛል። ተኝተዋል አልኩ በልቤ፤ አምስት እሑድ ደም አስተፍተውኝ፣ በመጨረሻዋ መስመር ተኙ። አስተያየት ሳልጠብቅ፣ ደብተሮቹን ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የቀበሌውን ነገር ለጠየቀኝ ሁሉ «የተኛ ስብሰባ ነው» እያልኩ ማማቴን ቀጠልኩ።

ሁለት ወር ጠበቅኩ። ሲበቃኝ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ።

«ልኬልሻለሁ እኮ» አለኝ። «ደብዳቤውን ራሴ ነኝ ያረቀቅኩት።»

«አዲስ አበባ?»

«ኧረ ወደ ጤና ቢሮ ነው። እናትየዋን እንቢ ብለሽ ገደልሻት። እሷ ካልተረፈች ሌላው ሰው ይትረፍባት ብዬ፣ ኪኒን በጊዜው ስለ መውሰድ የሚያስተምር ጽሑፍ ብዬ ላክሁት። ትክክል አላደረግሁም?»

ፊቱን አየሁት። ከልቡ ነበር። ቢያላግጥብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ከልቡ ጥሩ የሠራ ሰው ላይ ምን ተብሎ ይጮሃል?

መልሱ በሳምንቱ የራሴ ጠረጴዛ ላይ መጣ። «የላካችሁልን አምስት ደብተር የወባ ትምህርት ለአምስት ጤና ጣቢያዎች አንድ አንድ ተከፋፍሏል። ስለ ትብብራችሁ እናመሰግናለን።» ገቢ ቁጥር ሰጠሁት። ሦስት ቅጂ አስቀረሁ።

ፈቃድ ወስጄ፣ አጫጅ በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ፣ ወንዝ ዳር ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ስሟን አልጠራም። ደጁ ላይ በሽተኛው ተሰልፏል። ድሬሰሩ ከሁለተኛው ደብተሬ አንድ ቅጠል ቀደደ፣ ኪኒን ቆጥሮ ጠቀለለበት፣ ለአንዲት እናት ሰጣት።

«ይህ ደብተር የማን ነው?» አልኩት።

«የመንግሥት ነው፣ እትዬ። ጥሩ ወረቀት ነው፤ አይቀደድም። መጠቅለያ ካገኘን ስንት ጊዜያችን ነው።»

አህያዋ የተገለጸችበት ገጽ ወጥቷል። የተቀደደው ጆሮዋም አብሮ ወጥቷል። ሽፋኑን ብቻ ለምኜ ይዤ ተመለስኩ። ወደ ሌሎቹ አራት ጣቢያዎች አልሄድኩም። የወረቀቱን ጥሩነት አውቀዋለሁ፤ እኔ ነኝ የገዛሁት።

ያን ጊዜ ተናድጄ አንድ ውሳኔ ወሰንኩ። ከዚያ ቀበሌ የሚመጣ ምንም ነገር ቁጥር እሰጠዋለሁ እንጂ አልከፍተውም። አንድ እሽግ መጣ፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ በሲባጎ አስሬ ከወንበሬ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ላይ ወረወርኩት። ስምንት ወር ሙሉ ጀርባዬን እንደሰጠሁት ሠራሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አዛናው ጀላቢያውን ለብሶ፣ አንድ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ገባ። ወንበር አልሰጠሁትም።

«እትዬ፣ ድርሰቱ ከምን ደረሰ?»

«ለኪኒን መጠቅለያ ሆነ።»

«ሰምቻለሁ። ግን ቃለ ጉባኤው እናንተ ዘንድ አለ እኮ።»

«የምን ቃለ ጉባኤ?»

«የአምስቱ እሑድ ነዋ። እዚያው ከጀርባዎ አይደል?»

ሲባጎውን ፈታሁት። አቧራው አስነጠሰኝ። አንድ ወፍራም መዝገብ ነው፤ በየገጹ ግርጌ የቀበሌው ማኅተም ተመትቷል። ከፈትኩት። በቁም ጽሕፈት፣ እንደ ዳዊት በተደረደረ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦

«ፀሐይ ሳትወጣ ልጅቱ አህያዋን ፈታች በማለት ገልጸዋል።»

ገለበጥኩ። «አህያዋም አመድማ ስትሆን ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ነው በማለት ገልጸዋል።» ገለበጥኩ። «ውሃው ደረቷ ደረሰ በማለት ገልጸዋል።» አንድ ቃል አልዘለለም። ያ ሁሉ ይድገሙልኝ ለዚህ ኖሯል።

«ስብሰባ ላይ የተነበበ ሁሉ ይመዘገባል» አለ፣ ስህተት የሠራ መስሎት። «ስንማር ደግሞ አንድ ቃል የዘለለ ጸሐፊ ይገረፍ ነበር። ስለዚህ ነው ያስቸገርኩዎ።»

ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። በዚያኛው ምዕራፍ ላይ «በማለት ገልጸዋል» እየሳሳ ሄዶ፣ ሴቶቹ እንስራቸውን ካወረዱ በኋላ ጨርሶ የለም። ረስቶታል። ከታች ደግሞ በዚያው ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «በዚህ ጊዜ ጓድ ሊቀ መንበሩን ጨምሮ ተሰብሳቢው በሙሉ ዝም ብሏል። ጓድ አሰለፈች ፊታቸውን ሸፍነዋል። የባለፈው ሳምንት ውሳኔ ይፈጸም ብሎ የጠየቀ የለም።»

አሥር ወር ተኙ እያልኩ አምቻቸዋለሁ። አልተኙም ነበር።

በሁለቱ ጽሑፎች መካከል አንድ መስመር ባዶ ቦታ ነበር። ጣቴን አስቀመጥኩበት።

«ይህ ምንድን ነው?»

አዛናው አንገቱን ደፋ። «የመጨረሻዋ አመለጠችኝ፣ እትዬ። ልጽፍ ስል አልሆነልኝም። ይድገሙልኝ ልበል ብዬ ደግሞ ያን ቀን አፌ እንቢ አለኝ። ክፍት ነው የተውኩት።»

ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንሥቼ ሰጠሁት። ቆሞ ጎንበስ አለ።

«ይድገሙልኝ» አለ።

«ኪኒኑን ይዤ መጣሁ» አልኩት። እስኪጽፍ ጠበቅኩት። «የሚውጠው ሰው አልነበረም።»

ጻፈ። የመጨረሻዎቹን አራት ነጥቦች አንድ በአንድ አኖራቸው።

«ተማም» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ምሳ ሰዓት ምሳ ሰዓት እየተቀመጥኩ «በማለት ገልጸዋል» የሚለውን ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ኋላ እየሰረዝኩ ገለበጥኩት፤ በወንዙ ምዕራፍ ላይ ብቻ ኪኒኑን ከቀሚሷ ጫፍ ወደ ሹሩባዋ አዛወርኩት፤ ሁሉንም በሦስት ቅጂ። ሰዎቹን ማማቴንም አቆምኩ፤ ከአንዱ በቀር። አዛናው በዚያን ቀን እስክሪብቶዬን ይዞብኝ ሄዷል። እስከ ዛሬ አልመለሰውም።